ሳልጠየቅ በስሜ የተሰጠ መልስ

የበደለችኝ የወንድሜ ሚስት አልማዝ ናት። የበደለችኝም ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም መግቢያ፣ በሆስፒታሉ የሴቶች ክፍል በር ላይ ቆማ ነው። ወንድሜ ግርማ አጠገቧ ነበር፤ አፉን አልከፈተም። ዶክተሩ ከሆዴ ውስጥ ናሙና መውሰድ እንደሚያስፈልግ ሲነግራቸው አልማዝ «አይሆንም፣ አታንገላቷት» አለችው። እኔ ከእነሱ አሥር እርምጃ ርቄ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ነበር፤ የተባባሉትን ያወቅሁት በኋላ ነው። አእምሮዬም ምላሴም ጤነኛ ነበሩ። የጠየቀኝ ግን የለም።

ይህን የምጽፈው አልማዝን ለማሳጣት ብቻ አይደለም። እሱም አለበት፤ አልዋሽም። ግን እኔም ያጠፋሁት ጥፋት አለ። ሁለቱ ጥፋቶች ተጋግዘው ሊቀብሩኝ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ሌላ ሰው እንዳይደግማቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

የተወለድኩት ጅቡቲ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ሊሠራ መጥቶ እዚሁ ቀረ። እናታችን ስትሞት ግርማ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት በአንድ ሆቴል የልብስ ክፍል አንሶላ ሳጥብና ሳነጥፍ ቆይቼ ጡረታ ወጣሁ። ባሌ ኃይሉ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ልጅ የለንም። የምኖረው ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ብቻዬን ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ጥር አካባቢ ነው። መጀመሪያ የምግብ ፍላጎቴ ጠፋ። ከዚያ ማታ ማታ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ጅቡቲ ውስጥ ላብን የበሽታ ምልክት ነው ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ? ቬንቲላተሩ፣ ማራገቢያው፣ ደክሞ ነው አልኩ። ሚያዝያ ላይ ቬንቲላተሩን አስጠገንኩት። ላቡ አልቀረም።

ቀጥሎ ሆዴ ማበጥ ጀመረ። ትከሻዬና ክንዴ እየሟሸሹ ሆዴ ብቻ ወደ ፊት ይገፋ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንዷ «እንደ ሣራ በእርጅናሽ ፀነስሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም «አዎ፣ አብርሃምን ግን አላገኘሁትም» አልኳት። ቤቴ ገብቼ ቀሚሴን ሳወልቅ ሳቄ ጠፋ።

ፋርማሲ ሄድኩ፣ ጨጓራ ነው ብለው ሽሮፕ ሰጡኝ። ቡላኦስ ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ አልማዝ ወሰደችኝ፣ ታይፎይድ ነው አሉኝ። ሌላ ክሊኒክ ጉበት ነው አለኝ። ጠበልም ጠጣሁ። በየወረፋው ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ሁሉም «የት ያምሻል?» ብለው ጠይቀውኝ መልሴን ሳልጨርስ መጻፍ መጀመራቸውን ነው። ሐምሌ ላይ መራመድ ሲያቅተኝ ግርማና አልማዝ ሆስፒታል አስገቡኝ። ከሆዴ ብዙ ውሃ ቀዱ። አልትራሳውንድ አነሡኝ። ከዚያ በኋላ ዶክተሩ ከእኔ ጋር ማውራት ተወና በር ላይ ከእነሱ ጋር ማውራት ያዘ።

እንደምሞት ያወቅሁት አልማዝ ስትስመኝ ነው። አልማዝ እኔን ከሳመችኝ ብዙ ዓመት አልፏል። ኃይሉ ታሞ ቤት በዋለ ጊዜ «ሳሉ ደስ አይልም» ብላ ብርጭቋችንን ለይታ ለብቻ አስቀምጣ ነበር፤ እኔም ያንን አልረሳሁላትም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን በእጅ ብቻ ነው። አሁን ግን ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ከዚያ ወደ ታች ወርዳ ጉልበቴን ሳመች። ግርማ ወደ መስኮት አየ። ያን ጊዜ «በቃ፣ ጽጌ፣ አለቀልሽ» አልኩ ለራሴ።

ይህ የእኛ ሰው ልማድ ነው። ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፤ ለዘመድ ነው የሚነገረው። እኔም ራሴ ለሌሎች እንደዚያ አድርጌ አውቃለሁ። ከአልጋው በኩል ሆኜ ስመለከተው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። የሚገርመው ከፍርሃቱ ይልቅ ጉጉቱ በለጠብኝ። ምን ያህል ያውቃሉ? ማን ማን ሰምቷል? እድሩስ ተነግሮታል? ሰው ሁሉ ያነበበውን ደብዳቤ አንድ ባለቤቱ ብቻ እንዳላነበበው ማለት ነው።

ሳፊያ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ነርስ ናት፤ ሶማሌ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ወደ አርባ የሚጠጋት ሴት። የእሷ ሥራ መዳን የማይጠበቅላቸውን በሽተኞች ወደ ማስታገሻ ቤት ማሻገር ነው። ማስታገሻ ቤት የሚባለው ከጋቦዴ ወዲያ ያለ ቤት ነው፤ እዚያ በሽታውን ለማዳን አይሞክሩም፣ ስቃዩን ይቀንሳሉ፣ ሰውየውን አጥበው፣ አብልተው፣ ብቻውን እንዳይሆን ያደርጋሉ። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። ጋቦዴ ሲባል የማስበው እስር ቤቱን ብቻ ነው።

አማርኛዋን የተማረችው ሾፌሮች በሚታከሙበት ክሊኒክ ስትሠራ ስለሆነ የሾፌር አማርኛ ነው። ለትልቅ ሰው አንቱ ማለትን ማንም አላስተማራትም። ከጎን ወደ ጎን ስታገላብጠኝ «ቀስ እማማ፣ ኩርባ አለ» ትላለች። ትንፋሼ ሲፈጥን «ማርሽ ቀንሺ» ትለኛለች። የኃይሉን ቋንቋ ከማላውቃት ሴት አፍ ስሰማ መጀመሪያ ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ግን እንድትናገር እያልኩ ሆን ብዬ አቃስት ነበር።

ደግነቷን አላመንኩም። ሰው ያለ ምክንያት ደግ አይሆንም ብዬ ነው ያደግሁት። ስለዚህ እከታተላት ጀመር። መጀመሪያ ያየሁት አንሶላ አነጣጠፏን ነው፤ በዚህ ማንም ሊያታልለኝ አይችልም። ጠርዙን አጥብቃ አትወትፍም። እግር በኩል ላላ ታደርገዋለች። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«የተወጠረ አንሶላ የታመመ አውራ ጣት ላይ ሲጫን ያማል» አለችኝ። «ለቆንጆነት ነው የሚያጠብቁት፣ ለሰው አይደለም።»

ሠላሳ ዓመት አጥብቄ ወትፌ ይህን አስቤው አላውቅም።

ከጎኔ ያለው አልጋ የሐዋ ነበር። ሐዋ አፋር ናት፤ አሮጊት፣ ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ የገባ። በየማለዳው ከአልጋዋ ወርዳ ሲሚንቶው ላይ ተኝታ ትገኛለች። ሌሎቹ ነርሶች እየተቆጡ ያነሷታል፣ በብረት ደጋፊ ያጥሯታል፤ እሷም ታለቅሳለች። ሳፊያ መጣችና ወለሉ ላይ አጠገቧ ቁጭ አለች። በአፋርኛ ጥቂት ተነጋገሩ። ሐዋ ዕድሜዋን ሙሉ አልጋ ላይ ተኝታ አታውቅም ኖሯል፤ ከፍ ያለ ነገር ላይ ስትተኛ የምትወድቅ ይመስላታል። ሳፊያ እዚያው ሆና ማስታገሻ ቤቱ ደወለች።

«አልጋውን አውጡት» ስትል ሰማኋት በፈረንሳይኛ። «ፍራሽ፣ ወለል ላይ። ፊቷ ወደ በሩ። አዎ፣ ዛሬ።»

ሐዋ በሄደች ዕለት ሳፊያ አምቡላንሱ ውስጥ አብራት ገባች። አስረክባት እስክትመለስ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ስትመለስ «ተኛች?» አልኳት። «ገና ፍራሹን በእጇ እየዳበሰች ነው» አለችኝ። ከዚያ ወረቀቷን ይዛ እኔ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ተራው የእኔ መሆኑን ያኔ ተረዳሁ።

ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ወረቀት ትሞላለች። የበሽታ ወረቀት አይደለም፤ የሰው ወረቀት ነው። በየትኛው ጎንሽ ትተኛለሽ? ምን ብለው ሲጠሩሽ ትወጃለሽ? ምን ሽታ ያስጠላሻል? ልጆች አሉሽ? እኔም ልፈትናት «ሦስት» አልኳት። ካርዴ ላይ ልጅ እንደሌለኝ ተጽፏል። ወረቀቱ ላይ «ሦስት» ብላ ጻፈች።

«ካርዱን አላየሽም?» አልኳት።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«በእርሳስ ነው የጻፍኩት» አለች። «የመጀመሪያ ቀን ሰው ሁሉ ይዋሻል። እውነቱ ሲመጣ በእስክሪቢቶ እጽፈዋለሁ።»

በማግስቱ አልማዝና ግርማ መጡ። አልማዝ ልብሴን በቦርሳ ከታ አምጥታለች። «እትዬ ጽጌ፣ ደስ ይበልሽ» አለችኝ፤ «ነፋሻ ቦታ ተገኝቶልሻል። ትንሽ ታርፊያለሽ፣ ጉልበትሽ ሲመለስ ወደ ቤትሽ።»

ሳፊያ ቆማ ትሰማ ነበር። «እማማ የት እንደምትሄድ ታውቃለች?» አለች።

«ነገርኳት እኮ አሁን።»

«እሱማ ሰማሁ። የት እንደምትሄድ ነው የጠየቅሁት።»

አልማዝ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ አንቺ የእኛን ባህል አታውቂም። እኛ ጋ ለታማሚ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።»

«የእኛም ባህል ይኸው ነው» አለች ሳፊያ። «እናቴ ከአባቴ ደብቃ፣ አባቴ ማወቁን ከእሷ ደብቆ፣ ሁለቱም ሳይሰነባበቱ ተለያዩ። እኔ የት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው አላሻግርም። ወደብ ላይ ያለ ሣጥን እንኳ መድረሻው ይጻፍበታል።»

«ሣጥንና ሰው አንድ ነው? ሰው ይደነግጣል!»

«ታዲያ አሁን የደነገጠው ማን ነው?» አልኩ እኔ። ሦስቱም ዞረው አዩኝ። «አልማዝ፣ ጉልበቴን የሳምሽ ዕለት ነግረሽኛል። ውጡልኝና እሷ ትጨርስልኝ።»

አልማዝ እያለቀሰች ወጣች። ግርማ «እቴቴ…» ብሎ ተከትሏት ሄደ።

ሳፊያ ተቀመጠች። «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ሁሉንም? ግማሹን?»

«ሁሉንም።»

«ዶክተሩ ካንሰር ነው ብሎ ይገምታል። ሆድሽ ውስጥ ተሠራጭቷል ብሎ።»

«ይገምታል?»

«ናሙና አልተወሰደም። ቤተሰብ አልፈቀደም ይላል ወረቀቱ።»

ሕመም ሳይሆን ንዴት ነው ያስነሣኝ። በክርኔ ተደግፌ ቀና አልኩ። ሳፊያ አላባበለችኝም፣ «አይዞሽ» አላለችም። እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ንዴቴን እስክጨርስ ጠበቀች። ስጨርስ ወረቀቷን አነሣች።

«አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። በሕይወትሽ ማንን አስታመሻል?»

«ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ያስታመመ ሰው የሚፈራው ያየውን ነው። ምን እንዳየሽ ካወቅሁ ምን እንደምትፈሪ አውቃለሁ። እዚያ ላሉት እነግራቸዋለሁ፣ እነሱም ይጠነቀቁልሻል።»

ብዙ ዶክተር ብዙ ጥያቄ ጠይቆኛል። ቡላኦስ ባለው ክሊኒክም፣ እዚህ ሆስፒታልም «ቤት ውስጥ ሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ነበር?» ተብያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ «የለም» ብያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አልማዝ አጠገቤ ቆማ ነበር። ብርጭቋችንን በለየች ጊዜ «አስም ነው» ብዬ በማርያም ምዬላት ነበርና፣ መሞቴ ካልቀረ በእሷ ፊት ሐሰተኛ ሆኜ አልሞትም ብዬ ነው። ጥፋቴ ይህ ነው። ቂሜን ከሆዴ አስበልጬ ጠበቅሁት።

አሁን ግን አልማዝ የለችም። ጥያቄውም ስለ በሽታ አልነበረም።

«ባሌን» አልኩ። «ስምንት ወር። ደም ይተፋ ነበር። ጎድጓዳ ሳህኑን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። መንገድ ሲወጣ መድኃኒቱን ያቋርጥ ነበር። ለሰው ሁሉ አስም ነው አልን። ሳንባ ነቀርሳ ነበር። የምፈራው ያንን ነው፤ ሰው አየኝ አላየኝ እያልኩ መሞትን።»

ሳፊያ በእርሳስ መጻፍ ጀምራ ነበር። አቆመች።

«ማታ ያልብሻል?»

«ከጥር ጀምሮ።»

እርሳሷን ኪሷ ከትታ እስክሪቢቶ አወጣች። የጻፈችውን አላሳየችኝም። «ዶክተር አይደለሁም፤ ተስፋም አልሰጥሽም» አለች። «ግን ይህን ይዤ አሁን ዶክተሩ ጋ እሄዳለሁ። ናሙናው ይወሰድ ቢሉሽ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ከጠየቃችሁኝ እሺ ነው የምለው።»

ዶክተሩ ራሱ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሆስፒታል ከገባሁ ጀምሮ ተቀምጦ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው። ሳንባ ነቀርሳ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ሆድንም ሊይዝ እንደሚችል፣ ተህዋሲው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ እንደሚችል፣ የደረት ራጅ ንጹሕ ቢሆንም ሊኖር እንደሚችል፣ በአልትራሳውንድ ሲታይ ደግሞ ካንሰር እንደሚመስል አስረዳኝ። «ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል» አለ። ፈረምኩ። እምብርቴ አጠገብ በትንሹ ቀደው ናሙናውን ወሰዱ።

ውጤቱ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። በዚያ ጊዜ ሳፊያ የማስታገሻ ቤቱን ቦታ አላሰረዘችም። «ለምን አትሰርዢውም?» ብላት «ስኮርታ ጎማ ሳይይዝ የጋላፊን ድንበር የሚያልፍ ሾፌር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ስለ ቤቱ በየቀኑ ጠየቅኋት። ስንት ክፍል አለው? ማን ያበስላል? ሰው ሲሞት የሌላው ክፍል በር ይዘጋል? «አይዘጋም፤ የፈለገ ወጥቶ ይሸኛል» አለችኝ። ውጤቱ ምንም ቢሆን መሄጃዬን አውቀው ነበር። የማያውቁት ቦታና የሚያውቁት ቦታ ለሚፈራ ሰው እኩል አይደሉም።

ቲቢ ሆኖ ተገኘ። የሆድ ቲቢ። ስድስት ወር መድኃኒት፣ ከዚያ መዳን።

ዶክተሩ ሲነግረኝ ሳፊያ በሩ ላይ ነበረች። ፈገግ አለች፤ ወረቀቴን ለሁለት አጥፋ ሰጠችኝ። «ከእኔ ዝርዝር ወጣሽ እማማ። መንገድሽ ሌላ ነው» አለችኝና ወደ ሐዋ አልጋ ሄደች። እዚያ አዲስ በሽተኛ ተኝታ ነበር፣ ወጣት ሴት። ሳፊያ አንሶላውን እግሯ በኩል ላላ ስታደርግላት አየሁ። ልናገረው የሚያሳፍረኝ ቢሆንም፣ ከሞት መትረፌን በሰማሁበት ሰዓት በዚያች ወጣት ቀናሁ።

መድኃኒቱ ቀላል አይደለም። ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ማንም ስላልነገረኝ መጀመሪያ ቀን ጮህኩ። ማቅለሽለሽ አለው። ሁለተኛው ወር ላይ ሲሻለኝ ላቆመው አማረኝ፤ ኃይሉም ያቆመው ሲሻለው ነበር። አላቆምኩም። ሆዴ ጎደለ፣ ትከሻዬ ሞላ፣ ላቡ የሁሉም ሰው ላብ ሆነ።

ይህን አንብባችሁ «የእኛም ታማሚ ቲቢ ነው» ብላችሁ ከማስታገሻ ቤት እንዳታስወጡት። ሐዋ ካንሰር ነበረባት። መራመድ ስጀምር ቤቱን ማየት ፈልጌ ሳፊያን አስቸግሬ ሄጄ ነበር። ሐዋ ሞታ ደርሻለሁ። ለእሷ ሲሉ ከክፍሉ ያወጡት የአልጋ ብረት እስከዚያ ቀን ግቢ ውስጥ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ያስታመመቻት ሴት «እዚህ ከመጣች አንድም ቀን አላለቀሰችም» አለችኝ። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ታማሚውን ጠይቁት። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ ደግሞ አብሯችሁ የመጣውን ሰው አስወጡና መልሱ።

መድኃኒቱን ስጨርስ አልማዝ ቤቴ መጣች። አልሳመችኝም። በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለች።

«እሺ ንገሪኝ። ‹አይሆንም› ስትይ ምን እያሰብሽ ነበር?» አልኳት። ለጠብ አልነበረም፤ እውነት ማወቅ ፈልጌ ነው።

«እናቴን ድሬዳዋ ላይ ነግረዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ውሃ እንኳ እምቢ አለች። በሦስተኛው ቀን ሞተች። አንቺ ላይ ያንን ማየት አልችልም ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። ያን ያህል ዓመት ዘመድ ሆነን እናቷ እንዴት እንደሞተች ጠይቄያት አላውቅም።

«እናትሽና እኔ አንድ ሰው አይደለንም» አልኳት።

«አሁን አወቅሁ» አለች።

ይቅር አላልኳትም። ይቅር በይኝ ብላም አልጠየቀችኝም።

በኃይሉ ሙት ዓመት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ አዳራሽ ተሰብስቦ ሳለ ተነሣሁና ባሌን የገደለው አስም ሳይሆን ሳንባ ነቀርሳ እንደነበር ተናገርኩ። አልማዝን አየኋት። ዓይኗን አልሰበረችም። በማግስቱ ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሄጄ ካርዴ ላይ ስለ እኔ እንዲወስን የተጻፈውን የግርማን ስም አሰረዝኩ። ጸሐፊው «በማን ይተካ?» አለኝ። «ውጤት መጀመሪያ ለራሷ ይነገር ብለህ ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። ማኅተም አደረገበት። በሚኒባስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።